ከአንኮበር የሙዚቃ ሣጥን እስከ «ሸሞንሟናዬ»

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በኢትዮጵያ ሲነሣ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ካለፉት 15 ዓመታት ወጣት አቀናባሪዎችና ከላፕቶፖቻቸው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው ዘመን የናስ መሣሪያዎችና የትልልቅ ባንዶች ዘመን ተብሎ ይታለፋል። ይህ አከፋፈል ግን አንድ የደብረ ብርሃን ተወላጅ በ1985 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ከተማ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ለቀዳው ካሴት ቦታ የለውም። የሚዘነጋው ካሴቱ ብቻም አይደለም፤ ድምፅን በማሽን የማሰማትና በማሽን የመቅረጽ ታሪክ ወደ ኋላ ሲከተሉት ደጋግሞ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ማለትም ወደ አንኮበር፣ ወደ ምንጃርና ወደ ደብረ ብርሃን የሚመልስ መሆኑም አብሮ ይዘነጋል።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ሁለት ስያሜዎችን መለየት ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለው ድምፁ ከክር፣ ከቆዳ ወይም ከትንፋሽ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ሞገድ የሚፈልቅ፣ አለዚያም የተቀረጸ ድምፅ ተቆራርጦና ተለውጦ እንደ አዲስ የሚቀናበርበት ሙዚቃ ነው። ኢንዲ ፖፕ የሚባለው ደግሞ የዜማ ጣዕሙን ከፖፕ ወስዶ አሠራሩን ግን ከትልልቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ያላቀቀ፣ ሙዚቀኛው በራሱ ወጪ ወይም በትንንሽ አሳታሚዎች በኩል የሚያወጣው ሥራ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሁለቱ የተጋቡት በ1980ዎቹ የሲንተሳይዘር ዋጋ ቀንሶ አንድ ወጣት በመኝታ ክፍሉ ሙሉ አልበም መሥራት በቻለበት ጊዜ ሲሆን፣ በዚያ አገር አንድ ሰው ብቻውን ባንድ መሆኑ እንደ ትልቅ አብዮት ተቆጥሯል። በሸዋ ደጋ ግን አንድ ሰው ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ አጃቢውንም ራሱ ሆኖ ሲያሰማ መኖሩ የቆየ ሥራ ነው፤ ሠሪውም አዝማሪ ይባላል። ስለዚህ የኢትዮጵያን የኤሌክትሮኒክ አልበሞች ከምዕራቡ ባንዶች ይልቅ ከአዝማሪው ጋር አስተያይቶ ማድመጥ የበለጠ ያስኬዳል።

በራሱ የሚጫወት መሣሪያ ወደ ሸዋ ስለ መግባቱ ጥርት ያለ መረጃ ያለው ከ1841 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ከቦምቤይ የእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ በደረሰ ጊዜ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረባቸው ገጸ በረከቶች መካከል ከጠመንጃውና ከካሽሚር ሻሹ ጋር የሚደውሉ ሰዓቶችና የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር የሚያሰሙ የሙዚቃ ሣጥኖች ይገኙ ነበር። የሙዚቃ ሣጥን አሠራሩ ቀላል ነው፤ በላዩ ጥቃቅን ሹላ ሹሎች የተተከሉበት ሲሊንደር በምንጭ ኃይል ሲሽከረከር እያንዳንዱ ሹል አንዲት ቀጭን የብረት ጥርስ ነክቶ ያልፋል፤ የዜማው ቅደም ተከተል አስቀድሞ በሹሎቹ አቀማመጥ ስለ ተወሰነ ማሽኑ ሰው ሳይነካው አንዱን ዜማ ያለ ስሕተትና ያለ ድካም ይደጋግመዋል። ዛሬ አቀናባሪዎች በኮምፒውተር ላይ ድምፆችን ደርድረው ማሽኑ እንዲደግማቸው የሚያደርጉት በዚሁ መርሕ ነው። ሣህለ ሥላሴ ለውጭ ጥበብ ከነበራቸው ፍቅር የተነሣ በውጭ አገር ባለሙያ የውኃ ወፍጮ አሠርተው እንደ ነበርና ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ብለው ስለ ተቃወሙት ወፍጮው ሥራ ፈትቶ እንደ ቀረ የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። እህል የሚፈጨው ማሽን ተጠልቶ ዜማ የሚያሰማው ማሽን ንጉሡን ማስደነቁ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ማሽንን ለጥቅም ከመቀበል ለጨዋታ መቀበል የቀለለ ይመስላል።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ፣ አንጎለላ ተወልደው በአንኮበር ቤተ መንግሥት ያደጉት፣ ከዚህ የአያታቸው ዝንባሌ ብዙ ወርሰዋል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 በፎኖግራፍ፣ ማለትም ድምፅን በሰም ሲሊንደር ላይ ጭሮ በሚያስቀረው መሣሪያ፣ ቃላቸውን ቀድተው ለአዲስ አበባ ሲልኩ ምኒልክና ጣይቱም መልሳቸውን በዚያው መንገድ ቀድተው ልከዋል። ከዚህ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በምኒልክ ትእዛዝ የመኪና ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ በ1908 ድምፃቸውን በሸክላ አስቀዱ። እነዚህ ሸክላዎች የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ የንግድ ቅጂዎች ተብለው የሚቆጠሩ ሲሆን፣ መቶኛ ዓመታቸውን ምክንያት በማድረግ በፈረንሳይ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እንደገና ወጥተዋል። በሸክላው ላይ የሚሰማው አንድ ሰውና አንድ ማሲንቆ ነው። ተሰማ ሙዚቀኛ ሆነው ሳይሆን ሞተር ሊማሩ ሄደው፣ ሞተሩንም ሸክላውንም ይዘው መመለሳቸው የዘመኑን መንፈስ ከብዙ ገለጻ በተሻለ ያሳያል።

ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ በተገመደ አንድ ክር ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ሲሆን፣ የአራት ማዕዘን ገበታው በቆዳ ይለበጣል፤ ጣት የሚያርፍበት ቋሚ ምልክትም የለውም። በዚህ ምክንያት አዝማሪው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ እየተንሸራተተ ነው፤ በመካከል ያለውን ቦታ ሁሉ ጣቱ ይነካዋል። ፒያኖ፣ አኮርዲዮን፣ ኦርጋንና ኪቦርድ ግን በቁልፍ የሚሠሩ በመሆናቸው በአንዱ ቁልፍና በሚቀጥለው መካከል ያለ ድምፅ አይገኝባቸውም፤ አንዱን ስምንተኛ፣ ማለትም ከዝቅተኛው ዶ እስከ ከፍተኛው ዶ ያለውን ርቀት፣ እኩል 12 ቦታ ከፍለው ያስቀምጡታል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ስለሆኑ ለቁልፍ መሣሪያ አስቸጋሪ አይመስሉም፤ ለምሳሌ ትዝታ በአንድ መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ይጻፋል። ችግሩ ያለው በድምፆቹ ቁጥር ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው መንሸራተትና ማርገብገብ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የኪቦርድ ተጫዋቾች ታሪክ በአመዛኙ ይህንን ክፍተት በምን እንደ ሞሉት የሚናገር ታሪክ ነው።

ከተሰማ ሸክላ እስከ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለው ዘመን በብዙ መጻሕፍት የተነገረ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የናስ መሣሪያዎች፣ በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት 40ዎቹ አርመናውያን ወጣቶችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሙዚቃን የብዙ ሰው ሥራ አደረጉት፤ በ1969 የተቋቋመው የአምሃ እሸቴ አሳታሚ ቤት ደግሞ ከመንግሥት ፈቃድና ቁጥጥር ወጣ ብሎ ሸክላ ማሳተምን አስጀመረ። አምሃ ያደረገው ነገር ዛሬ ኢንዲ ከሚባለው አሠራር በምንም አይለይም።

በዚሁ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የሆነ አንድ ነገር ግን ከሚገባው በታች ተነግሮለታል። ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዓትን ድምፅ ሽቦ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ ቀርጾ፣ ከዚያም ድምፁን በስቱዲዮ አጣርቶና አስተጋብቶ «ታዕቢር አል-ዛር» የተባለ ሥራ የሠራ ሲሆን፣ ይህ ሥራ በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ይኸው ሰው በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963 ደግሞ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና እምቢልታን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። የዓለም ቀዳሚ ከሆኑት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰዎች አንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ያደረገው ነገር የአገሩን መሣሪያዎች መሰብሰብ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ለእርሱ ማሽኑ መነሻ ሳይሆን ያገኘውን ድምፅ ጠልቆ የሚያዳምጥበት መንገድ ነበርና።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ፣ ኃይሉ መርጊያ በዚያች ከተማ በ1946 ተወልዶ በ10 ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከተማዪቱን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየ ብርሃን ምክንያት እንደ መሠረቷት ይነገራል፤ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች የደጋ ከተማ ናት። ኃይሉ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን ራሱን በራሱ ተማረ፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ሲቀጠር ደግሞ ኖታ ማንበብና መጻፍ ቻለ። አኮርዲዮን በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ምሽት ቤቶችና በሠርግ ቤት ተወዳጅ የነበረው ለመያዝ የቀለለ፣ መብራት የማይፈልግና አንድ ሰው ዜማውን በቀኝ እጁ፣ አጃቢውን በግራው የሚያሰማበት ስለሆነ ነው፤ በሌላ አነጋገር አዝማሪው በማሲንቆው የሚያደርገውን በቁልፍ ያደርገዋል። ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ አኮርዲዮኑ ጥግ ያዘ፤ ኃይሉም ወደ ኦርጋን ተሻገረ።

ኃይሉ ከመሪዎቹ አንዱ የሆነበት ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተ ሲሆን፣ እንደ ክብር ዘበኛና እንደ ፖሊስ ኦርኬስትራ የመንግሥት ሠራተኞች ስብስብ ሳይሆን በሙዚቀኞቹ የቆመ ባንድ ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ተጫውቷል። ደርግ ከመጣ በኋላ የሰዓት እላፊው የከተማዪቱን የማታ ሕይወት ሲያቀጭጨው የሆቴል ባንዶች የተረፉት በራቸው ከውስጥ ተዘግቶ፣ ሰዉ እስኪነጋ ድረስ እዚያው እያመሸ በሚያድርባቸው አዳራሾች ነው። አንድ ባንድ ለአንድ ታዳሚ ከምሽት እስከ ንጋት ሲጫወት የዘፈኑ ግጥም ቶሎ ያልቃል፤ የማያልቀው በመሣሪያ የሚዘረጋው ዜማ ነው። በዚያ ላይ ግጥም በሳንሱር በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ኦርጋን ግን የሚከሰስበት ቃል የለውም። የዚህ ዘመን አልበሞች በመሣሪያ ብቻ መሠራታቸው ከእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ጋር መያያዙ አይቀርም።

በ1975 በካሴት የወጣው «ትዝታ» እና በ1977 በካይፋ አሳታሚነት በሸክላ የወጣው «ቼ በለው» አንድ ላይ ሲደመጡ የባንዱ መንገድ ይታያል። በመጀመሪያው ላይ ኦርጋኑ የድምፃዊውን ቦታ ይይዛል፤ አድማጩ ግጥሙን ከልቡ እያወጣ እንዲያንጎራጉርበት የተተወ ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ሙላቱ አስታጥቄ በቪብራፎን፣ ማለትም የብረት ቁልፎቹ በመዶሻ በሚመቱትና በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ድምፁ በሚርገበገበው መሣሪያ፣ ተካፍሎበታል፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘውም በዚህ አልበም ላይ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» በኋላ ብዙ የውጭ ባንዶች የተጫወቱት ዜማ ሲሆን፣ ጥንካሬው ከዜማው ውበት ይልቅ ባሱና ኦርጋኑ አንድን አጭር ሐረግ እየደጋገሙ ሳክስፎኖቹን እንደ ልባቸው እንዲወጡና እንዲገቡ በማድረጋቸው ላይ ነው። በ1978 ኃይሉ የጊዮን ሆቴሉን ዳህላክ ባንድ ይዞ የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» ደግሞ ከሁለቱ ቀለል ያለ፣ የመዝናናት ጠባይ ያለው ሥራ ነው፤ ከቅንብር ጥራት አንጻር «ቼ በለው» ቢበልጥም፣ ኦርጋኑ እንደ ማሲንቆ እየተለማመጠ በድምፆች መካከል ያለውን ክፍተት በፈጣን ጌጥ ሲሞላ በግልጽ የሚሰማው በዚህኛው ነው።

ዋልያስ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ ከባንዱ አባላት ከፊሉ በዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም አንዱ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ዙላ ባንድን አቋቁሞ በዋሽንግተን የኢትዮጵያውያን ክበቦች እየተጫወተ ሳለ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አጠና፤ በ1985 ደግሞ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ መሣሪያዎቹን ሁሉ በየተራ ራሱ ተጫውቶ አንዱን በሌላው ላይ በመደረብ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ድራም ማሽን ነበሩ። ከእነዚህ ዲኤክስ 7 በ1983 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ መሠረቱ የስታንፎርዱ ጆን ቾውኒንግ በ1967 የደረሰበት ግኝት ነው፤ አንድ የድምፅ ሞገድ ሌላውን ሞገድ እጅግ በፍጥነት ሲያወዛውዘው በሁለቱም ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ፤ ውጤቱም እንደ ደወልና እንደ ብርጭቆ የጠራ ድምፅ ነው። ሙግ ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ወፍራም ሞገድ አመንጭቶ የማይፈለገውን ክፍል በማጣሪያ ስለሚቀንስ ድምፁ ድፍንና ሞቃት ይሆናል።

የአልበሙ ትልቁ ብልሃት በእነዚህ ሁሉ አዳዲስ ማሽኖች መካከል ዜማውን ለአኮርዲዮኑ መስጠቱ ነው። አኮርዲዮን ያኔ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ያረጀ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ በሥራው ርእስ ላይ «ክላሲካል መሣሪያው» ተብሎ በክብር ተጠቅሷል። በወናፉ የሚገባውና የሚወጣው አየር ድምፁን እንደ ትንፋሽ ስለሚያነሣውና ስለሚጥለው፣ በቁልፍ መሣሪያ የማይገኘው ልስላሴ በከፊል ይመለሳል፤ ዜማው ሲያርፍ የዲኤክስ 7 የደወል ድምፅ ከሥሩ ብቅ ይላል፤ ድራም ማሽኑም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይፈጥንና ሳይዘገይ ይቀጥላል። ይህ የምት አለመለዋወጥ መጀመሪያ ላይ ድክመት ይመስላል። ጭክጭካ የሚባለው የደጋው ምት በስድስት ስምንተኛ የሚቆጠር፣ ሦስትም ሁለትም ሆኖ ሊሰማ የሚችል ስለሆነ ከበሮ መቺው ክብደቱን በየጊዜው ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውረዋል፤ የዘመኑ ድራም ማሽኖች ግን ለምዕራባውያን አራት ምት የተሠሩ ናቸው። ኃይሉ ማሽኑን ከበሮ ለማስመሰል አልታገለም፤ እንደ ሰዓት ቋሚ አድርጎ ትቶት ማዛወሩን በአኮርዲዮኑ ላይ ሠራው። ከአልበሙ ዜማዎች መካከል «አምባሰል» በቅኝቱ ስም የተጠራ ሲሆን፣ «ሽለላ» ደግሞ ጀግና ሲፎክር በነጻ የሚለቀው፣ ለቆጠራ የማይገዛ የዜማ ዓይነት ነው፤ በመንዝና በተጉለት የሠርግና የለቅሶ ሜዳ የሚሰማውን ይህን ዓይነት ፉከራ ያለ ቃል ወደ ስቱዲዮ ማግባት ድፍረት ይጠይቃል።

ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሸጠ፤ ቀጥሎም በሌሎች ካሴቶች ብዛት ተዋጠ። በዚያን ጊዜ በአገር ቤት ሲንተሳይዘር በሌላ መንገድ እየገባ ነበር። እነ ሮሃ ባንድ ለድምፃውያን ካሴት ሲያጅቡ ኪቦርዱ መጀመሪያ የናስ መሣሪያዎችን አገዘ፤ ቀስ በቀስም ተካቸው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ አንድ አቀናባሪ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ድራም ማሽን ሙሉ አልበም ማጀብ የተለመደ ሆነ። ይህ ዘመን በሙዚቃ ተቺዎች ዘንድ ክፉ ስም ወጥቶለታል። ትችቱ ከፊሉ እውነት ነው፤ መለከትን የሚያስመስል የፕላስቲክ ድምፅ ለመለከት ምትክ አይሆንም። ነገር ግን ምክንያቱ የአቀናባሪዎች ስንፍና ነው ማለት ታሪክን ማጣመም ነው፤ 17 ዓመት ገደማ የዘለቀው የሰዓት እላፊ የማታ ገበያውን ስለ ገደለው፣ የመንግሥት ኦርኬስትራዎችም እየተዳከሙ ስለ ሄዱ ሦስት ሳክስፎንና ሁለት ትራምፔት የሚቀጥር ሙዚቃ ቤት አልነበረም። ከዚያ ችግር ውስጥም እንደ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና እንደ ኤልያስ መልካ ያሉ፣ ኪቦርዱን እንደ ምትክ ሳይሆን ራሱን እንደ ቻለ መሣሪያ የያዙ አቀናባሪዎች ወጥተዋል።

ከባሕር ማዶ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኬና ዘመድኩን በ2003 ያወጣው «ኒው ሴክረድ ካው» በትክክለኛ ትርጉሙ ኢንዲና ኤሌክትሮኒክ ፖፕን ያዋሐደ አልበም ሲሆን፣ ቅንብሩን ኔፕቹንስ ከሚባሉት አቀናባሪዎች አንዱ ከሆነው ቻድ ሁጎ ጋር ሠርቶታል። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ለዓመታት የዘገየው ሬዲዮ ጣቢያዎች የትኛው ዘውግ ውስጥ እንደሚመድቡት ስላላወቁ ነበር፤ ማልኮም ግላድዌል በ2005 ባሳተመው መጽሐፉ ባለሙያዎች ያደነቁትን ኬናን የአድማጭ መጠይቅ ውድቅ ያደረገበትን ምክንያት እንደ ምሳሌ ተንትኖታል። በአልበሙ ላይ ቅኝት ፈልጎ ማግኘት ከንቱ ድካም ነው። ሲንተሳይዘሮቹ የ1980ዎቹን የእንግሊዝ ባንዶች ይከተላሉ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ይለማመጣል፤ ምቱ ከሂፕ ሆፕ የመጣ ነው። የስደት ልጅ ሁሉ የወላጆቹን ዜማ የመሸከም ግዴታ እንዳለበት አድርጎ መገመት ለሙዚቀኛውም ለዜማውም አይበጅም፤ ኬናም ለትውልድ አገሩ ያለውን ስሜት የገለጸው በሙዚቃው ሳይሆን ለንጹሕ ውኃ ጉዳይ በ2010 ባስተባበረው የኪሊማንጃሮ ጉዞ ነው።

በአገር ውስጥ ከ2010 በኋላ የተነሡት ወጣቶች ግን በቀጥታ ወደ አዝማሪው ተመልሰዋል። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው የሰየሙትን አቅጣጫ ይዘው በ2014 በዋሽንግተን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጭምር በመሠረቱት 1432 አር በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ሥራዎቻቸውን አወጡ፤ የሚካኤል የመጀመሪያ ሥራ «ያራዳ ልጅ» ሲባል፣ በ2016 ደግሞ «ዘላለም» ተከትሎታል። በ«ዘላለም» ላይ የተቀረጸ የአዝማሪ ድምፅ ተቆርጦ፣ ተዘርግቶና ተደጋግሞ ሲመጣ የቃሉ ትርጉም ይጠፋና የጉሮሮው እህህታ ብቻ ይቀራል፤ ሃሊም ኤል-ዳብ በካይሮ በዛር ድምፅ ላይ ያደረገውን የሚያስታውስ አሠራር ነው። ሥራው ለዳንስ አይመችም፤ ረጋ ብሎ የሚሰማ አድማጭ ይፈልጋል። በ2018 «ነጸብራቅ»ን ያወጣው ሮፍናን ኑሪ በተቃራኒው የአውሮፓን የዳንስ መድረክ ምት ወስዶ የአገር ዜማና የአማርኛ ግጥም ጫነበትና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከጥቂት አፍቃሪዎች ወደ አደባባይ አወጣው። ሁለቱን ማወዳደር ቢከብድም፣ በድምፅ ምርምር የእነ ሚካኤል ሥራ ርቆ ሄዷል፤ ሕዝብን በማሰለፍ ግን ሮፍናንን የሚስተካከል የለም።

ኃይሉ መርጊያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መድረክ ትቶ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲያሽከረክር ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 በትንሹ አሳታሚ ቤቱ እንደገና ሲያወጣው አልበሙ ከ28 ዓመት በኋላ አዲስ አድማጭ አገኘ፤ ኢንዲ ፖፕና ኤሌክትሮኒክ የሚያዳምጡ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች በጓዳ ስቱዲዮ ከሚሠሩት የራሳቸው ዘመን ሰዎች እንደ አንዱ ተቀበሉት። ከዚያም በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ወጡ። «ላላ በሉ» ከከበሮ መቺው ከቶኒ በክና ከባስ ተጫዋቹ ከማይክ ማይኮቭስኪ ጋር የተሠራ ሲሆን፣ በረጅሙ «ትዝታ» ተከፍቶ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በሚል የብቻ ፒያኖ ይዘጋል፤ በሕይወት ያለ ከበሮ መመለሱ ጭክጭካውን ቢያነቃውም፣ የ1985ቱ ካሴት የነበረው የብቸኝነት ጥራት ግን እዚህ አይገኝም። «የኔ ምርጫ» ላይ ደግሞ ሰጠኝ አጣናው ማሲንቆ ይዞ ገብቷል። በዚህ አልበም ኪቦርዱ ለአርባ ዓመት ያህል በጌጥና በወናፍ ሲያካክሰው የቆየውን መንሸራተት ለባለ አንድ ክሩ መሣሪያ ለቅቆ ራሱ ቋሚ ድምፆችን ከሥር ይዘረጋል፤ ማሲንቆው በቁልፎቹ መካከል ባለው ቦታ ሲያልፍ ኪቦርዱ አይከተለውም፤ እስኪመለስ ይጠብቀዋል።